ካፖርቱ በዋናው መንገድ ያለፈ ዕለት

ጌይነር ሃርድካስል ወንድሟ ራስል ከራግቢ ክለቡ አሠልጣኝነት ሊነሣ መሆኑን የሰማችው ሉካንዳ ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ ነው። ሐሙስ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ እንግሊዝ አገር ሰኔ በጋ ነው ቢባልም ውጭ ያካፋል። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ጎልማሶች የዝናብ ልብሳቸውን ቆብ ግንባራቸው ድረስ ደፍተው ያወራሉ፤ ከኋላቸው ማን እንዳለ ዞር ብሎ ማየት ማን አስተማራቸው? አንደኛው ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ኮሚቴው ተሰብስቦ ራስልን እንደሚያነሣው፣ ሊቀመንበሩ ባራክላፍም ከጎረቤት ከተማ አዲስ ሰው አነጋግሮ እንደጨረሰ ይናገራል። ሌላው ይበለው ባይ ነው። ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ምን ሊጠብቅ ኖሯል አለ፤ አሥራ ሁለት ፓውንድ ከፍሎ ገብቶ ከመናደድ ቤት ቁጭ ብሎ በነጻ መናደድ አይሻልም ወይ አለ። ባለ ሉካንዳው ኔቪል ቢላዋውን እንደያዘ አንዴ እሷን አንዴ እነሱን እያየ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ሦስተኛም ሳለ፤ ሰዎቹ ግን ጉንፋን ይዞት ይሆናል ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ጌይነር ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው የዋጋ ሰሌዳ አንሥታ የበግ ኩላሊት ስንት እንደገባ ማንበብ ጀመረች፤ በሕይወቷ የበግ ኩላሊት ገዝታ አታውቅም። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሐሙስ ልማዷ ስድስት ቋሊማ አለች። ኔቪል ስድስት ቆጠረ፣ ቀና ብሎ አያት፣ ሰባተኛውን ምራቂ ጣል አድርጎ ጠቀለለላት። ይህ ሰው ሱቁን ከአባቱ ከተረከበ ጀምሮ ለፍጡር ምራቂ ሰጥቶ አያውቅም። ወሬው እውነት መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ደሟ ፈላ። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዷ እኮ እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የክለቡን ማልያ ያጠበችም፣ የሰፋችም፣ የተኮሰችም እሷ ናት። የስብሰባው ማስታወቂያ በበሯ ሥር የገባው ሰኞ ዕለት ነው፤ «የጣራው ጥገና እና ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ይላል። ለካ ልዩ ልዩ የተባለው ወንድሟ ኖሯል! ቤቷ እስክትደርስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች፤ ለባራክላፍ የምትለውን ሦስት ጊዜ አለችው፣ በሦስቱም ረታችው። ቤት ገብታ ቋሊማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ወረወረችና ወጥ ቤቱ ጥግ የቆመውን ትልቁን ማሽን ከፍታ ያለፈውን እሑድ ማልያዎች ማውጣት ጀመረች። ወጥ ቤቷ ጠባብ ነው፤ አሥራ ሰባት ማልያ ሲሰጣበት ምድጃው ጋ ለመድረስ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። የጨዋታ ነገር ከማንም በላይ እንደሚገባት የሚያውቅላት የለም እንጂ እሷ ውጤቱን የምታነበው ከጭቃው ነው። ያሸነፈ ቡድን ማልያው ደረቱ ላይ ይቆሽሻል፣ ወደፊት ወድቆ ስለሚነሣ። የተሸነፈ ቡድን ጀርባው ይቆሽሻል። ከመጋቢት ወዲህ የምትፈትገው ሁሉ ጀርባ ነው። እናም እውነቱን እናውራ ከተባለ ጌይነርም ታውቀዋለች፤ ቡድኑ ሞቷል። ግን ሌላ ሰው ሲለው ሌላ ነው፣ ያውም ሉካንዳ ቤት ሰልፍ ላይ።

የሃግቶርፕ ራግቢ ሊግ ክለብ አሠልጣኝ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ካፖርቱ ግን ትልቅ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጉልበት ያልፋል፣ ውስጡ ወፍራም ገበር አለው፣ ደረቱ ላይ ዓርማው በቢጫ ክር ተጠልፏል። እስከ ዛሬ ሰባት ሰው ለብሶታል። አንድ አሠልጣኝ ሲነሣ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ካፖርቱን ይረከባል፤ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ሳይከት ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በዋናው መንገድ እስከ ክለቡ ቤት ይዞት ይወርዳል። ጋዜጣም ማስታወቂያም አያስፈልግም፤ ካፖርቱ ባለቤቱ ሳይለብሰው በሰው ክንድ ላይ ካለፈ በቃ፣ አለቀ። የሚገርመው ደግሞ በሃግቶርፕ መባረር ነውር አይደለም። የተባረረ ሰው በሳምንቱ መጠጥ ይጋበዛል፣ ፎቶው መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ዕድሜ ልኩን እየተቀለደበት ይከበራል። ነውሩ ትቶ መሄድ ነው። ካፖርቱን በገዛ እጁ የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከሠላሳ ዓመት በፊት፤ የፎቶው ምስማር እስከ ዛሬ ባዶውን ግድግዳው ላይ አለ። ስሙን የሚያነሣም የለም።

ራስል እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ በስድስት ሰዓት ለምሳ መጣ። ጠዋትና ማታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፣ ሐሙስ ሐሙስ ምሳውን እህቱ ዘንድ ይበላል፤ ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ እንዲህ ነው። ጌይነር በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። የተፈጨ ድንች ከሽንኩርት መረቅ ጋር አቀረበችለት፣ ከቋሊማው አራት ጣል አደረገችለት፣ ምራቂውን ጨምራ። ስለ አሸንዳው አወሩ፤ ቅጠል ደፍኖታል አለ። ስለ ነጭ ቀለም ዋጋ አወሩ፤ የሜዳውን መስመር ለመቀባት አንዱ ባልዲ ሃያ ስድስት ፓውንድ ገብቷል አለ። ስለ ጎረቤቷ ውሻ አወሩ። ስለ አሥራ አንድ ሰዓቱ ስብሰባ ግን እሱም ትንፍሽ አላለ፣ እሷም ትንፍሽ አላለች። ያውቃል ስትል አሰበች፣ አያውቅም ስትል መልሳ አሰበች፤ መጠየቅ ግን እንዴት ተደርጎ? እናታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ተነሥታ ሻይ ታፈላ ነበር፤ ጌይነርም ተነሥታ ሻይ አፈላች። ስትመለስ ራስል ሹካውን አስቀምጧል። አንዱን ቋሊማ ጨርሷል፣ ሁለተኛውን አጋምሷል፣ ድንቹን ዝም ብሎ በሹካ ሲጠርገው ቆይቷል። ይህ እንግዲህ በልጅነቱ የራሱን ጨርሶ የእሷን የሚቀማው ራስል ነው።

ሲወጣ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ እንደተወው በር ላይ ቆመ። ዚፑን ናስሪን ዛሬውኑ ትሠራው እንደሆነ ጠየቃት። ዚፑ ከተበላሸ አራት ወር አልፎታል፤ አራት ወር ሙሉ በመርፌ ቁልፍ ሲያያይዘው ኖሮ ዛሬ ምን ተገኘ? ጌይነር አልጠየቀችም። በአሥር ሰዓት ታደርስልኛለች አለችው፤ እሱም አመስግኖ መስመር ልቀባ ብሎ ወደ ሜዳው ሄደ። በመስኮት እያየች ሸኘችው። ያውቃል ማለት ነው፤ አውቆም ሳይንበረከክ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ሊቀርባቸው ነው። «በመቃብሬ ላይ!» አለች ለማንም ሳይሆን ለተሰጡት ማልያዎች። ወንድሟን የሚያነሣው እጅ ቢወጣም የእሷ እጅ አይደለም። ይህን ከወሰነች በኋላ ካፖርቱን አንሥታ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችውና ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪሱ አፈር ስታራግፍ የኖረች ሴት ናት፤ ለእሷ ካፖርቱ ልብስ ነው። ደግሞም ልቧ ባራክላፍ ላይ ነበር። በዋናው መንገድ ሽቅብ ስትወጣ ሰዎች ከወትሮው ይልቅ ዝግ ብለው ሰላም ሲሏት፣ አንዱ ሽማግሌ ቆቡን ሲያነሣላት፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ራሳቸው ላይ ፎጣ እንደጠመጠሙ መስኮቱ ጋ ሲሰበሰቡ አየች። ዝናቡ ስላባራ ደስ ብሏቸው ነው ብላ አለፈች።

የናስሪን ልብስ ስፌት ቤት ከባንኩ ጎን ያለችው አንድ ክፍል ናት። ናስሪን አባቷ ሱቁን ሲከፍት እዚያው ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ያደገች፣ ከሃግቶርፕ ሰው ሁሉ ይበልጥ በሃግቶርፕ መሸነፍ የምትናደድ ሴት ናት። ዛሬ ግን ካፖርቱን ስታይ ፊቷ ሌላ ሆነ፤ ምንም ሳትል ተቀበለችና ኪሱን ባዶ አድርጊልኝ አለች። ጌይነር ከኪሱ ፊሽካ አወጣች፣ እርሳስ አወጣች፣ ከዚያ የጨጓራ ክኒን ባዶ ማሸጊያ አወጣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ናስሪን ማሸጊያዎቹን አየች። «ራስልን ጨጓራ ያመዋል እንዴ?» አለች። ጌይነር በዚህ አገር ጨጓራውን የማያመው ማን አለ ብላ ሁሉንም ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዋጋው አሥራ አራት ፓውንድ ነው፤ ናስሪን ግን እጇን አወዛወዘች፣ ዛሬ ከእናንተ ቤት አልቀበልም አለች። ባለ ሉካንዳው ምራቂ ሰጠ፣ ልብስ ሰፊዋ በነጻ ሠራች፤ ምን ነካቸው ዛሬ?

የነካቸውን ያወቀችው በዘጠኝ ሰዓት፣ ጎረቤቷ ወይዘሮ ሎማክስ በሩን ሲያንኳኩ ነው። ወይዘሮ ሎማክስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በሁለት እጃቸው በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ትኩስ የሥጋ ፓይ በሳህን ይዘዋል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። ማን ሞተ ብላ ልትጮህ ነበር። አሮጊቷ ገብተው ተቀመጡና ራስል የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት፣ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ፣ ሳይለምኑት የቤታቸውን ደጃፍ ሃያ ቀን እንደጠረገላቸው አነሡ። እሑድ ዕለት «ይውረድልን!» ብለው የጮሁት አንደበታቸውን ቢቆርጠው ይሻል ነበር አሉ። ደግሞ በገዛ እህቱ እጅ ካፖርቱን ማስወሰድ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ ባራክላፍ እግሩን አሞታል ወይ? ጌይነር ያኔ ራሷን ያዘች። ለካ ቆብ የተነሣላት፣ ፎጣ የተጠመጠመ ራስ መስኮት ላይ የወጣላት ለዚህ ነው! ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ በዋናው መንገድ፣ በቀን ብርሃን! ተሳስተዋል፣ ገና አልተነሣም፣ ዚፕ ላሠራ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ የአሮጊቷን እንባ አየች፣ ፓዩን አየች፣ አፏን መልሳ ዘጋችው። ጉድ እኮ ነው፤ ትናንት ሊበሉት የነበሩት ሰዎች ዛሬ እያለቀሱለት ነው። ታዲያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢያለቅሱለት ማንን ይጎዳል? የወይዘሮ ሎማክስን እጅ ያዝ አድርጋ፣ «ምን ይደረግ» አለች፣ እንደ ሐዘንተኛ።

በአሥር ሰዓት ከሩብ ካፖርቱን ከናስሪን ተቀብላ፣ አሁን እያወቀች፣ እንደገና ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በዋናው መንገድ ወረደች። ትንሽ አፈረች፣ ትንሽም ደስ አላት። የክለቡ ቤት ስትደርስ መጠጥ ቤቱ ጢም ብሏል። ኔቪል ሱቁን ዘግቶ ሁለት ትሪ ፓይ ተሸክሞ መጥቷል። ጠዋት ከፊቷ ተሰልፈው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች እንኳ አሉ፤ ይበለው ያለው ሰውዬ ከሁሉ አብልጦ ተቆጥቷል። ፖስተኛው ዳሚያን፣ የቡድኑ አምበል፣ ራስል ከሌለ እሑድ አንድም ተጫዋች ማልያ አይለብስም ብሎ ምሏል። ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ጥግ ከመጠጥ ቤቱ የሚለየው ተጣጣፊ መዝጊያ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ስለሆነው ሕዝቡ ብርጭቆውን እንደያዘ ስብሰባው ላይ አፍጥጧል። ባራክላፍ ጆሮው ቀልቷል። ካፖርቱን በእሷ እጅ ሲያይ ማን ፈቀደልሽ፣ ገና ድምፅ እንኳ አልሰጠን፣ ከተማውን በእኔ ላይ አስነሣሽብኝ አላት። ዚፕ ላሠራ ነው አለች፤ አላመናትም። ደግነቱ እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን አወጣና የጣራውን ጉዳይ ዘሎ በቀጥታ ወደ ልዩ ልዩ ገባ።

ራስል ይነሣ የሚሉ እጃቸውን ያውጡ ሲባል ባራክላፍ ራሱ አወጣ፣ ሁለት ሌሎች ተከተሉት። ይቆይ የሚሉ ሲባል፣ ሳምንት ሙሉ ይነሣ ሲሉ የሰነበቱት ሦስቱ ወደ ኔቪል ትሪ እያዩ እጃቸውን አነሡ፤ መጠጥ ቤቱ አጨበጨበ። ሦስት ለሦስት። የቀረችው ጌይነር ናት፣ ሁሉም ዞሮ አያት፤ መልሷን የማያውቅ አልነበረም። እሷም እንባዋ መጣና መሐረብ ፍለጋ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እጇ የነካው የክኒኖቹን ማሸጊያ ነው። ስድስት ባዶ ማሸጊያ። ሹካው የጠረገው ድንች ትዝ አላት፣ አንድ ተኩል ቋሊማ ትዝ አላት፣ አራት ወር ተበላሽቶ ዛሬ የሚሠራው ዚፕ ትዝ አላት። ይህ ሁሉ ሰው ለራስል ተሰብስቧል፣ ፓይ ጋግሯል፣ ምሏል፤ ራስልን የጠየቀ ግን ማን ነው? እሷስ ብትሆን ጠይቃዋለች? አምስት ደቂቃ ስጡኝ ብላ ወጣች።

ራስል ሜዳው መሐል ነበር። የመስመር መቀቢያዋን ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ቀስ እያለ ይገፋል፤ ጫማው ነጭ ሆኗል፣ በሸሚዝ ነው። ስትመጣ አይቶ ቆመ።

«ራስል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሻይ ሳላፈላ» አለችው። «ሥራውን ትፈልገዋለህ?»

የጋሪውን እጀታ ለቀቀ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። «አልፈልገውም፣ ጌይነር። ከየካቲት ጀምሮ አልፈልገውም። ቅዳሜ ሲመጣ ምግብ አይወርድልኝም።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ በየቤቱ ወንድሜ፣ ወንድሜ ትያለሽ። ትቼ ብሄድ ደግሞ ያን ምስማር ታውቂዋለሽ። ዛሬ ያነሡኛል ሲሉ ሰምቼ እንዴት እንደተኛሁ ብታዪ፤ እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት።» ወደ ክለቡ ቤት በአገጩ አመለከተ። «አሁን ያ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

ጌይነር አፈረች። ካፖርቱን ክንዴ ላይ ይዤ ዞርኩ አለችው። ራስል ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፣ ከዚያ ጋሪውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ሲስቅ ካየችው ስንት ወር ሆነ? ዚፑን ለምን አሠራኸው ስትለው ለሚቀጥለው ሰው የተበላሸ ካፖርት ማስረከብ ደስ አይልም አለ። ቀጥሎ ምን ልትሆን ነው አለችው።

«ጥላ ፎቅ ላይ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ» አለ፣ «እንደ ሰው አሠልጣኙን መሳደብ ነው የምፈልገው።»

ተመልሳ ስትሄድ መንገዱ አጭር ነው፣ ግን ያሰበችው ብዙ ነው። የራሱ ፈቃድ ነው ብትላቸው ሁሉም ይቅር ይሏታል፤ እሱ ግን ያቺ ባዶ ምስማር ትሆናለች ዕጣው። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷታል። ገባች፣ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ባራክላፍ ጥያቄውን ሳይደግመው እጇን አነሣች። «ይነሣ» አለች፣ የመጨረሻው ብርጭቆ ያዥ እንዲሰማት አድርጋ።

ዳሚያን ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኔቪል ጠዋት የሰጣትን ቋሊማ ሊያስመልስ የሚፈልግ ይመስላል። ባራክላፍ ራሱ፣ ያሰበው የተሳካለት ሰው፣ እንዲህ ያለች እህት አትስጠኝ በሚል ዓይን ያያታል። ወይዘሮ ሎማክስ ከወንበራቸው ተነሡ፣ «የገዛ ወንድምሽን!» አሉ። ከዚህ በላይስ ምን ይባላል? ጌይነር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቀፈች፤ ፊቷ እንደ እሳት ይነድዳል፣ ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ያኔ ነው ራስል ነጭ ጫማውን ምንጣፉ ላይ እያተመ የገባው። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት፣ ጀርባው ተመታ፣ ሦስት ብርጭቆ ቢራ ባንድ ጊዜ ተቀዳለት። ይበለው ያለው ሰውዬ አቀፈው። አንዱ ፎቶው የትኛው ምስማር ላይ ቢሰቀል እንደሚያምር መለካት ጀመረ። ራስል ከባራክላፍ ጋር ተጨባበጠ፣ ካፖርቱን አንዴ ዳሰስ አደረገ፣ ዚፑን ሽቅብ ቁልቁል አንሸራቶ አየና ጥሩ ሥራ ነው አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ መጥቶ ማንም ያልቀረበው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእህቱ ጎን፣ ትከሻው ትከሻዋን እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሎማክስ ጌይነርን እየገላመጡ ለእሱ ብቻ ፓይ በሳህን አቀረቡለት። ራስል በአራት ጉርሻ ጨረሰው፣ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቱ ለቀመ፣ ሳህኑን ወደ አሮጊቷ መልሶ ዘረጋ።

«ሌላ አለ?» አለ።